አባባ መሪ ይዘው ሲሳለሙ

አባባ የመንዳት ፈተናቸውን ጨርሰው እስኪመለሱ ድረስ፣ ሳን ሆዜ መንጃ ፈቃድ ቢሮው ፓርኪንግ ውስጥ ስንቆራጠጥ ነበር። ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ ስልኬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ ታክሲ የነዱ ሰው፣ በሰማንያ ዓመታቸው እንደ ጎረምሳ ይፈተኑ? ዓይናቸው እንደሆነ አምና ታይቶ ደህና ነው ተብሏል። የጋራዡን በር ስለገጩ ብቻ ሐኪማቸው «ቢፈተኑ ይሻላል» ብሎ ጻፈባቸው። ደሜ ፈላ።

የክብር ነገር ብቻም አልነበረም። እማዬ ኩላሊቷን የምትታጠበው ካምቤል ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። እኔ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቄ፣ ኦክላንድ የሰው አረጋውያን ስንከባከብ ነው የምውለው። ያለ አባባ ማን ያድርሳት?

መኪናዋ ተመለሰች። ቀድሞ የወረደው ፈታኙ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እንቅልፍ ጣላቸው፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«የምን እንቅልፍ!» አሉ አባባ። «ቤተ ክርስቲያን አየሁ፣ ተሳለምኩ። ምን ላድርግ፣ እንዳላየ ልለፍ?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። አባባ ቤተ ክርስቲያን ካዩ፣ የማንም ይሁን የማን፣ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ያማትቡና አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። ይሄ ፈረንጅ ይህን የት አባቱ ያውቃል! ሰው ሲሳለም ተኛ ብሎ ፌይል ማድረግ ምን የሚሉት ነው?

ኮምፕሌይን ላደርግ ቆረጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ አንሥቼ ልመጣ፣ አባባን ጎኔ አስቀምጬ በሄዱበት መንገድ እኔው ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ ስለፈልፍ ነበር። «ይቅርታ ባይጠይቁን ከምላሴ ጸጉር ይነቀል!»

«ያውና!» አሉ አባባ፤ አማተቡ።

ከጎማ ቤቱ አለፍ ብሎ ያለ ሕንፃ ነው። ጣሪያው ላይ አረንጓዴ መስቀል ተሰቅሏል። ከሥሩ፣ በር በሚያህል ፊደል፣ ማሪዋና እንደሚሸጥ ተጽፏል።

መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። «አባባ፣ ከመስቀሉ ሥር ምን ይላል?»

«የቱ ጋ?»

«እዚያ፣ ትልቁ ጽሑፍ።»

ዓይናቸውን አጨንቁረው አዩ። «ጽሑፍ አለው እንዴ?»

ክው አልኩ። በዚህ ዓይን ነው እማዬን ይዘው ሃይዌይ የሚወጡት! ለፈታኙ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ከንቱ ሆነ። አንቱ የምለውን አባቴን፣ አይታይዎትም ብዬ በምን አፌ ልናገር? ብናገር ሥራዬን ለቅቄ እማዬን የማመላልሳት እኔ ነኝ። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ሁለቱንም ነው የማጣቸው። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የሐሺሽ ሱቅ ነው።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ቀበቶውን ፈትተው ወረዱ፤ የሱቁ በር ድረስ ሄደው፣ አንጋጠው ቆሙ። ሲመለሱ ዓይኔን አላዩኝም።

«ከእንግዲህ አንቺው ንጂ» አሉኝ። «ለእናትሽ ግን፣ ፈታኙ ክፉ ሰው ነበር በያት።»