ቻንግሱ ያላነሳው ፊት

ጆ ቻንግሱን የማያውቅ የቶንግዮንግ ወደብ ሰው የለም። ባሕር ዳር ድንጋይ ላይ በሆዱ ተኝቶ የሸርጣን ዓይን ፎቶ ሲያነሳ፣ ልጆች “ሽማግሌው ሞቷል” ብለው ሠፈሩን ያሸበሩት በሱ ምክንያት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት ካሜራ ገዛ። ከዚያ ወዲያ አበደ ብል ይቀለኛል።

አንዱ ሌንስ ማዶ ያለውን ደሴት አፍንጫው ሥር ያመጣለታል፤ ሌላው የጉንዳን እግር ላይ ያለውን ጸጉር ያሳየዋል። ፊልተር የሚሉትን ቀይ መስታወት ሌንሱ ላይ ሲገጥም ሰማዩ ይጠቁራል። ሌላኛውን ፊልተር ሲያዞረው ደግሞ የውሃው ነጸብራቅ ይጠፋና ከሥር ያለው ድንጋይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። “ድንጋዩን ለማየት እጅህን ብትከት አይቀልህም?” አልኩት አንድ ቀን።

“አንቺ ምን ይገባሻል ማልሱን፤ ምላስ እንጂ ዓይን አልተሰጠሽም” አለኝ። አንድ ሠፈር ስላደግን እንዲህ ነው የምንነጋገረው።

ዕቃውን የምትሸከመው ሚስቱ ኦክቡን ነበረች። እኔና እሷ አንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን የባሕር ዛጎል ስንፈለፍል ነው ያረጀነው። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ብርድ ቆማ ትውልና እሑድ ሲመጣ የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክማ ከኋላው ኮረብታ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ያስቀመጠችውን ስቶኪንግ ቆርጦ ሌንሱ ላይ ወጠረው፣ ጭጋግ ለማስመሰል። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። እሷ ግን “ጭጋጉ አያምርም?” ብላ ያለ ስቶኪንግ ሠርጉ ሄደች። ነፍሷን ይማረውና፣ እንዲህ ያለች የዋህ ነበረች።

እኛ ዘንድ ሰው ሲያረጅ ለቀብሩ የሚሆነውን ፎቶ በቁሙ ይነሳል። ለቀስተኛው የሚሰግደው ለዚያ ፎቶ ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት ያስፈልጋል። ቀድሞ የተነሳ ዕድሜው ይረዝማል ስለሚባልም ማንም አይፈራውም። ኦክቡንም ተራዋ ሲደርስ “የኔን አንተ ታነሳኛለህ” አለችው።

መኸር ላይ ነበር። ሐምራዊ የበዓል ልብሷን ለበሰች፣ ጸጉሯን አጠቆረች፤ ፊቷን ፓውደር የቀባኋት እኔ ነኝ። ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቻንግሱ አንድ ሌንስ ገጠመና ዓይኑን ሰክቶ ቆየ፤ አወለቀው። ሌላ ገጠመ። ፊልተር ጨመረበት፤ እሱንም አወለቀ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ንቅንቅ ሳትል ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቀና አለና “ዛሬ ብርሃኑ አይሆንም” ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ያን ቀን ፀሐዩ ምን የመሰለ ነበር። “ለሸርጣን የሆነ ብርሃን ለሚስትህ ነው የማይሆነው?” አልኩት። ዕቃውን ይዞ ቤት ገባ። ከዚያም በኋላ በጠየቀችው ቁጥር አንዴ ነፋስ ነው፣ አንዴ ደመና ነው፤ ምክንያት አላጣም።

በጸደይ፣ በጎ ፈቃደኞች የአረጋውያንን ፎቶ በነፃ ያነሳሉ ሲባል ይዣት ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ባሏን ስረግመው እጄን ያዘችኝ።

“ተይው ማልሱን። የሱ ሌንስ ሁሉን አጉልቶ ነው የሚያሳየው። ይሄንን ፊት በቅርብ ቢያየው ጊዜ አስጠላው፤ ምን ያድርግ? ብርሃኑስ ደህና ነበር።” ሳቅ አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ እስክንደርስም አልተመለሰችም።

የመጣው ፎቶ አንጀት የሚበላ ፈገግታ ነበረው። “ቤት ቢያገኘው ይከፋዋል” ብላ እኔ ቤት፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጠችው።

በጥር፣ መጋዘኑ ውስጥ ቢላዋዋን እንደያዘች “ደከመኝ” ብላ ተቀመጠች። በዚያው አልተነሳችም።

የለቅሶው አዳራሽ ውስጥ ነጩ አበባ ተደርድሮ መሐሉ ባዶ ነው። የአዳራሹ ሠራተኛ ፎቶ ይጠይቃል፤ ቻንግሱ “አለኝ፣ የኔ ሥራ ነው የሚሰቀለው” ብሎ ኮምፒውተሩን ከፍቷል። እኔ ቤቴ ፎቶዋ እንዳለ አልነገርኩትም፤ አንድ እንኳ እሱ ያነሳትን አግኝቶ እንዲሸኛት ፈለግሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ምን ይሰጣታል?

ፈለገ። ኦክቡን ከጀርባዋ፣ ጃንጥላ ይዛ። ኦክቡን ከሩቅ፣ ኮረብታው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለማሳየት የቆመች ነጥብ። ጠል ያለበት ጎመንና ጎመኑን የያዙ ጣቶቿ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥቁር ጥላ ሆና። ሺህ ፎቶ ውስጥ አለች፣ ፊቷ ግን የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ከቡሳን የመጣችው ልጁ ሶንሚ አጠገቡ ተንበረከከች። “አባዬ፣ ይበቃል። መታወቂያዋ ላይ ያለውን እናስፋው።”

“እኔ በሕይወት እያለሁ እናትሽ በመታወቂያ ፎቶ አትሸኝም።”

በር ላይ የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። አላስቻለኝም፤ በታክሲ ቤቴ ሄጄ ፎቶውን አመጣሁ። ከእጄ ተቀብሎ ብዙ አየው።

“ማን ነው ያነሳት?”

“አንድ በጎ ፈቃደኛ።”

“ጥላው አፍንጫዋ ሥር ወድቋል” አለ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። “አሁንም ስለ ጥላ ታወራለህ? ለምነህ የማታገኛትን ሴት አስለመንካት። በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ምን አይተህባት ነው የተውካት?”

አልተቆጣም። ፎቶውን ራሱ አበባው መሐል አቆመ፣ የሟች ፎቶ ላይ የሚታሰረውን ጥቁር ሪባን ጥግ ለጥግ አሰረ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

“ይሄንን ነው ያየሁት” አለኝ፣ ሪባኑን እያሳየኝ። “ሌንሱ ውስጥ ጥርት ብላ ነበር ማልሱን። ቁልፉን ልጫን ስል ሪባኑና አበባው ዙሪያዋን መጣብኝ። ሌንስ ቀየርኩ፣ አልሄደም። ፊልተር አደረግሁ፣ አልሄደም። ጣቴ እምቢ አለኝ። እኔ ካላነሳኋት አትሞትም ብዬ ነው።”

“ታዲያ ምናለ ብትነግራት?”

“ይሄ ይነገራል እንዴ? ሟርት አይሆንም?” ዓይኑን ከፎቶው አላነሳም። “ደግሞ ሳልነግራትም ይገባታል። ሁሉን ላንቺ ታወራሽ የለ፤ ገብቷት ነበር አይደል?”

አውቶቡሱ ትዝ አለኝ። ያ መስኮት ትዝ አለኝ።

“ገብቷት ነበር” አልኩት።

“ምን አለችሽ?”

“‘ስለሚሳሳልኝ ነው’ አለች።”

አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፍቶ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሶንሚ ጀርባውን አቀፈችው። እኔ ለሚገቡት ለቀስተኞች ቦታ ለመልቀቅ ተነሳሁ፣ ወደ ፎቶዋ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ኦክቡን ባሏ ፊቷን እንደጠላው እያመነች ነው የሞተችው።