ከታንጎ ካሴት የተማርኩት ስፓኒሽ

ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት፣ ማትሪክ ወድቄ፣ ብስራተ ገብርኤል ጀርባ ከታላቅ እህቴና ከባሏ ጋር እኖር ነበር። ባሏ አባቱ ጦር ሜዳ የቀረበት ሰው ነው። በልጅነቱ ኩባ ተልኮ እዚያው አድጎ፣ ተምሮ ተመለሰ። ይዟቸው ከመጣቸው ዕቃዎች ሁሉ የሚሳሳው ለአንድ የታንጎ ካሴት ነበር። ዘፈኑ የአርጀንቲና ቢሆንም፣ የተማሪ ማደሪያቸው ኃላፊ የነበረች ሴትዮ ስለምትወደው ከእሷ ለምዶታል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ካሴቱን ይከፍታል። እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "አሁን ምን አለ?" ትለዋለች።

"ጥላው ሄደች ነው የሚለው።"

"የፊተኛዋም ሄዳ ነበር እኮ!"

"ታንጎ ነዋ! ማን ይቀራል?"

እሷ ትስቃለች። እኔ ሥራ ፈት ስለነበርኩ ቃላቱን እየጠየቅሁት ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ስንብት፣ እንባ፣ መርሳት፣ መመለስ። ዳቦ በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ሳላውቅ የመለያየቱን ቃል ሁሉ አጠናሁት።

አንድ ቀን እሱ ፋብሪካ እያለ፣ በቅርቡ ከኩባ የተመለሰ ጓደኛው ደብዳቤ አድርሶ ሄደ። እህቴ ከፈተችው። ውስጡ የአንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ፎቶግራፍ ነበር። ግንባሯ ቁርጥ የእሱ ነው።

"አንብቢልኝ" አለችኝ።

"እኔ እኮ ብዙም አልችልም።"

"የቻልሽውን።"

ብዙዎቹን ቃላት አውቃቸው ነበር። ሞተች ይላል፤ ብቻዋን ይላል፤ ትመለሳለህ ወይ ይላል። "አልገባኝም" አልኳት። ፊቴን አየችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

ማታ ሲገባ ገና ሳይቀመጥ ሰጠችው። "ተርጉምልኝ።"

ቆሞ አነበበ። "የልጄ እናት ሞታለች" አለ። "ልጅቷ አክስቷ ጋ ናት። አባቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች።"

"ልጄ አልክ?"

"ስመጣ ሁለት ዓመቷ ነበር።"

እህቴ አላለቀሰችም። "እኔ በዘፈኑ እስቅ ነበር" ብቻ አለች።

ሁለቴ አስወርዷት ልጅ አጥታ ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል አላናገረችውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ለሥራ ሊወጣ ሲል፣ "አስመጣት፤ እኔ አሳድጋታለሁ" አለችው። የዚያኑ ዕለት ጻፈ። እኔም ከደብተሬ ቃል እየለቃቀምኩ ለልጅቷ ግማሽ ገጽ ጨመርኩ። እህቴ ቁመቷን በግምት አስልታ ከገበያ ሹራብ ገዛችላት።

መልሱን ከኩባ ከመጣ ሌላ ሰው ተቀብሎ ያመጣው ያው ጓደኛው ነው፤ ስድስት ወር አልፎ ነበር። የጻፈችው የአክስትየዋ ጎረቤት ናት። በዚያ ክረምት ብዙ ሰው በታንኳ ወደ አሜሪካ ሲወጣ አክስትየዋም ልጅቷን ይዛ ወጥታለች፤ ባሕር የበላው ብዙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እነሱ የሰማ የለም።

እህቴ ለቅሶ እንቀመጥ ብትል እሱ እምቢ አለ። "ሞታለች ያለኝ ሰው የለም" ብሎ ጮኸባት። ጮኾ የማያውቅ ሰው ነበር።

እሷ ግን በበነጋታው ጥቁር ለብሳ ወጣች። ግቢያችን በር ላይ አንዲት ጎረቤት ደንግጣ፣ "ውይ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?" አለቻት።

"ልጄ" አለች።

እሱ በረንዳው ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ሰምቷል። ማሰሪያውን አጥብቆ ቋጠረና ተነስቶ ሥራ ሄደ። አልተፋቱም፤ ሌላ ልጅም አልወለዱም። አብሬያቸው በኖርኩባቸው ዓመታት የልጅቷን ስም ሲጠሩ አልሰማሁም።