የአማቹ አውራ ጣት

መነጽር ሠሪው ቂሙን መስታወት በሚሞርድበት አኳኋን ነበር የሚሞርደው፤ ቀስ ብሎ፣ ውኃ እያጠጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ።

ሱቁ በጫማ ሰፊና በቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ከመጋረጃው ወዲህ ደንበኛ ይስተናገዳል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግን ከመነጽር ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሥራ ይሠራል። በዚያ፣ ከመሞረጃው ጎን በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ክረምቱን ሙሉ አጥንት ሲያበጅና ቆዳ ሲለብስ ከርሟል። ሰው አይጭንም፤ በባትሪ በሚሽከረከር ሞተር ይበራል፤ የሚታዘዘውም ባለቤቱ መሬት ላይ ቆሞ በሁለት አውራ ጣቶቹ ለሚነካካው ሬዲዮ ነው።

የሰውዬው ጥንቃቄ ለብዙዎች ትምህርት ሊሆን በተገባ ነበር። የክንፉን ቀጫጭን እንጨቶች አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምራል፤ ጠማማውን ያለ ርኅራኄ ይጥላል። ሙጫውን በመርፌ ጫፍ ይቀባል። የጭራውን ታጣፊ ሰሌዳ የምታንቀሳቅሰውን ቀጭን ሽቦ ሲገጥም ትንፋሹን ይይዛል። ይሁንና ያን ሁሉ ትጋት የሥራ ፍቅር የወለደው አይምሰላችሁ። ያተጋው ጥላቻ ነበር፤ ጥላቻም፣ ያሳዝናል እንጂ፣ እጅግ ታታሪ ሠራተኛ ነው።

የሚጠላው ሰው የገዛ ሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሲስቅ መስኮት ስለሚያርገበግብ አገር ምድሩ «ጡሩምባ» ይለዋል፤ እርሱም ስሙን ወዶታል። አማቾቹ የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበርተኞቹ በዕረፍት ቀን ከከተማው ጫፍ ባለ ሜዳ ላይ ተሰብስበው በእጃቸው የሠሯቸውን አውሮፕላኖች ያበራሉ።

በዚያ ሜዳ አንድ የማይናወጥ ሕግ አለ። እያንዳንዱ ሬዲዮ ትእዛዙን የሚልክበትን መሥመር የምትወስነው ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ በሬዲዮውም በአውሮፕላኑም ውስጥ የምትገባ፣ ክሪስታል የምትባል ተሰኪ ናት። መሥመራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሬዲዮዎች በአንድ ጊዜ ከበሩ፣ አየር ላይ ያለው አውሮፕላን ማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባውና ይወድቃል። ስለዚህ አጥሩ ላይ በተሰቀለ ሳንቃ ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች ተደርድረዋል፤ የመሥመሩን መቆንጠጫ አንሥቶ ኮሌታው ላይ ያልሰካ ሰው ሬዲዮውን አያበራም። የሳንቃው ጠባቂ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ አንቴና ሲሳብ ባየ ቁጥር «መቆንጠጫህስ?» ብሎ ይጮኻል።

ባለፈው ዓመት፣ የሁለቱ አማቾች መሥመር አንድ ነውና፣ የጋራ መቆንጠጫቸው በመነጽር ሠሪው ኮሌታ ላይ ነበር። የእጁ የመጀመሪያ ሥራ የሆነው ነጭ አውሮፕላን ከዛፎቹ በላይ አምሮበት ሲዞር፣ ድንገት ተንቀጠቀጠና እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቁልቁል ወረደ። መነጽር ሠሪው ዞር ሲል ጡሩምባ ሣጥኑ ላይ አጎንብሷል፤ የሬዲዮው አንቴና እስከ ጫፉ ተስቧል፤ አውራ ጣቱም ከማብሪያው ላይ ሲነሣ ታየው። ሌላ ያየ አልነበረም። ጡሩምባ ቀና ብሎ ስብርባሪውን ተመለከተና፣

«ጋሼ፣ አንተ መነጽሩን ትሠራለህ እንጂ ማየቱን ለደንበኞችህ ትተኸዋል!» አለ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ እዚያው ሜዳ ላይ ቢቀር ምናልባት ቂሙም እዚያው በቀረ ነበር። ነገር ግን ቀልዱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማ ገባ፤ በቤተ ዘመዱ ማዕድ ላይ ተደገመ፤ በመጨረሻም የሱቁን ደጃፍ ረገጠ። አንዲት ደንበኛ መነጽሯን ስትረከብ «አውሮፕላኑን የጣልከው አንተ ነህ አሉ፤ በል እንግዲህ ዓይኔን አደራ!» አለችው። እርሱም ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም እንደ መስታወት ዱቄት ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ለፖስተኛው «አይቻለሁ» ቢለው ነገሩ ያከትም ነበር። አላለውም። የፈለገው ፍርድ ሳይሆን ያንኑ ውድቀት በሌላው ሰው ፊት ላይ ማየት ነበርና።

አዲሱን አውሮፕላን ሲጀምር ፖስተኛው ወደ ሱቁ ጎራ ብሎ መከረው።

«ስማኝ ልጄ፣ መሥመርህን ቀይር። ከጡሩምባ ጋር በአንድ መሥመር ምን ያጋፋሃል? ክሪስታሏን ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው፤ አለቀ።»

«ይህችው ትሻለኛለች።»

«ግትር ነህ!»

«ልክ ነዎት አባባ» አለ መነጽር ሠሪው፤ ሌላም አልጨመረ።

ሚስቱ ግን የባሏን ዝምታ ማንበብ ታውቅበታለች። አንድ ቀን ምሳውን ይዛ መጥታ መጋረጃውን ገለጥ ብታደርገው ክንፉን ስስ ወረቀት እያለበሰ አገኘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥርስህን የምታፋጨው ማንን ልትነክስ ነው?»

«ሙጫው እስኪይዝ ነው።»

«ሙጫው የሚይዘው በጥርስህ ነው እንዴ?» ሳህኑን አስቀምጣ ፊቱን አስተዋለች። «ወንድሜ አዲስ ቀይ አውሮፕላን ሠርቷል። የመሥሪያ ቤቱን ሾፌሮች በሙሉ ሜዳው ላይ ጠርቷቸዋል። አንተም አትቀርም አይደል?»

«ምን ሲደረግ!» አለ። ያን ዕለት ምሳው ጣፈጠው።

ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም ያኮራው ነበር። ጡሩምባ መቆንጠጫውን ሰክቶ ቀዩን አውሮፕላን በባልደረቦቹ ፊት ሲያበር፣ እርሱ ሜዳው ዳር ባለው ጠረጴዛ ላይ የራሱን ሲገጣጥም ይቆያል። ቀዩ ወደ ድንጋያማው የሜዳው ጫፍ ዝቅ ሲል የሬዲዮውን ማብሪያ አንድ ጊዜ ይጫናል። ከዚያም ግንባሩን ይመታል፤ «ወይኔ! መቆንጠጫውን ረስቼ!» ይላል። የዘነጋ ሰው ስሕተት ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? ከአጠገቡ የተሟላ፣ ለመብረር የተሰናዳ አውሮፕላን ካለ ደግሞ ምስክር አያሻውም።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ የዋህ ነበር። ሾፌሮቹ በአጥሩ ሥር ተደርድረው ጡሩምባን ገና ከወዲሁ ያበሽቁታል።

«ይኼኛውም እንደ አውቶቡስህ በየፌርማታው ይቆማል?»

«ይቆማል፤ አንተን ግን አያሳፍርም!» ሲል መለሰ ጡሩምባ፤ ሳቁም ወፎቹን ከዛፍ አስነሣ። ወደ አማቹም ዞሮ፣ «ጋሼ፣ የዛሬዋስ መነጽር አድርጋለች?» አለ። መቆንጠጫውን ኮሌታው ላይ ሰክቶም ሄደ።

መነጽር ሠሪው ከጠረጴዛው ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለቱን የክንፍ ክፋዮች በመሐል ዘንጋቸው ላይ አገናኘ፤ ክንፉን በገላው ላይ አስቀምጦ በላስቲክ መስቀለኛ አሰረው። አየሩን እየቀዘፈ አውሮፕላኑን የሚስበውን ባለ ሁለት ምላጭ ተሽከርካሪ በሞተሩ አፍንጫ ላይ ገጥሞ ብሎኑን አጠበቀ። ባትሪውን በሆዱ ውስጥ አስተኛውና አውሮፕላኑን በሁለት ጣቶቹ ከክንፉ ሥር አንሥቶ መዘነው፤ አፍንጫው በጥቂቱ ወደ ታች አዘነበለ፤ እንደሚገባው ነው። የቀረው ባትሪውን ማገናኘት ብቻ ነበር።

ሬዲዮው ሳይበራ ባትሪ አይገናኝም። የጌታውን ድምፅ ያልሰማ አውሮፕላን በመሥመሩ ለሚመጣ ለማንኛውም ድምፅ ይታዘዛልና። ይህን ለአዲስ አባላት ሁሉ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ሲያስተምር የኖረው ራሱ መነጽር ሠሪው ነው። ዛሬ ግን ሬዲዮውን አስቀድሞ ቢያበራ ቀዩ ያለ ጊዜው ይወድቅበታል፤ ምናልባትም ለስላሳ ሣር ላይ። እርሱ የመረጠው ድንጋዩን ነው። ስለዚህ የሚቀረው አንዲት ማብሪያ መጫን ብቻ እንዲሆን ሌላውን ሁሉ አስቀድሞ ለማሰናዳት ሽቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ገለበጠና ባትሪውን አገናኘ።

ቀዩ አውሮፕላን በሰማዩ ላይ ቀና አለ። በዚያችው ቅጽበት ጠረጴዛው ላይ ያለው አውሮፕላንም የጭራውን ሰሌዳ ቀና አደረገ። ቀዩ ወደ ግራ ተጠማዘዘ፤ የዚህኛውም መሪ ወደ ግራ ታጠፈ። መነጽር ሠሪው ይህን አየ፤ ክረምቱን ሙሉ በትንፋሹ አሙቆ የሠራው ነገር የአማቹን አውራ ጣት ሲከተል አየ። ጤነኛ ልብ ቢኖረው ያኔ ባትሪውን በነቀለ ነበር። እርሱ ግን የተሰማው አዲስ ንዴት ብቻ ነው። «ይኸንንም ወሰድከው?» አለ በለሆሳስ። ግራ እጁን በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ጭኖ ያዘው፤ ቀኝ እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ።

ጡሩምባ ባልደረቦቹን ለማስደመም ሞተሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ቀዩን ያለ ድምፅ ወደ ድንጋዮቹ አንሳፈፈው። ከመነጽር ሠሪው መዳፍ ሥር «ጢጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እንዲህ ያለ ሞተር የኃይል መስጫው አንድ ጊዜ እስከ ታች ዝቅ ካላለለት አይነቃም፤ ሲነቃም እንዲህ ብሎ ያስጠነቅቃል። መነጽር ሠሪው ሰማው፤ ጆሮው እንጂ ልቡ ግን አልሰማውም። ዓይኑ በቀዩ ላይ ነበር። ዝቅ አለ፤ ድንጋዩን ሊነካ ተቃረበ። አሁን!

ጡሩምባ ቀዩን ሽቅብ ሊመልስ የሞተሩን ኃይል በሙሉ ለቀቀው።

ማብሪያው ገና አልተነካም ነበር። ተሽከርካሪው እንደ መጋዝ ጮኾ የግራ መዳፉን ሰነጠቀው፤ አውሮፕላኑ ከጠረጴዛው ዘልሎ ደረቱ ላይ ወጣ። መነጽር ሠሪው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ፤ ተሽከርካሪውም እጅጌውን እየቀደደ ክንዱን ይዞ ወደ አንገቱ ወጣ። ሬዲዮው ከእጁ ርቆ ወደቀ።

«ሞተርህን ዝጋ!» አለ ፖስተኛው ባለ በሌለ ድምፁ። «ጡሩምባ! በአንተ ነው የሚዞረው፣ ዝጋ!»

ጡሩምባ ዞሮ አየ። ቀዩ አፍንጫውን ሰቅሎ ከድንጋዮቹ በላይ በመውጣት ላይ ነው፤ ኃይል ከተነፈገው መውደቁ የታወቀ ነው። ጡሩምባ ወደ ሰማይ መልሶ አልተመለከተም። አውራ ጣቱን እስከ ታች ሳበው።

በመነጽር ሠሪው አንገት ላይ ያለው ጩኸት ቀጥ አለ። ከሜዳው ጫፍ ደግሞ የእንጨት መሰበር ድምፅ መጣ። ክረምቱን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ድምፅ ያ ነበር፤ በደም ተነክሮ፣ በጀርባው ተንጋሎ ሰማው።

ጡሩምባ ሬዲዮውን ጥሎ ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወደ ቀዩ አይደለም። ሸሚዙን አውልቆ መዳፉን ጠቅልሎ አሰረው፤ እንደ ሕፃን ተሸክሞም መኪና ውስጥ አስገባው። ሐኪሙ ቁስሉን ሲሰፋ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ከሐኪሙ ካባ ይልቅ ነጥቷል።

«አይዞህ ጋሼ» አለው። «ደግሞ አንተ ብሎ ረሺ! ፖስተኛው ራሱ ‹እርሱ እንኳ ከረሳ ማንን ልመን?› እያለ ነው።»

«ቀይህ ተሰበረ» አለ መነጽር ሠሪው።

«እንጨት ነው፤ ይጣበቃል። ያንተ ጣት ቢቆረጥ በምን ሙጫ እናጣብቀዋለን?» አለና ሳቁን ጀመረው፤ አልጨረሰውም። ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ሚስትየው ደርሳ በሁለቱ መካከል ቆመች፤ ባሏንም ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። እርሱም ዓይኖቿን አልቻላቸውም።

ቁስሉ ሲጠግግ ጡሩምባ ስብርባሪውን በካርቶን ተሸክሞ ወደ ሱቁ መጣ። «ከአንተ በቀር ማን ይጠግነዋል?» አለ። መነጽር ሠሪው ተቀበለው። ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያ አሮጌ ደስታ አልፎ አልፎ ብልጭ ይልበት ነበር፤ በቀል እንዲህ በአንድ ጊዜ ከሰው አይወጣም። ብልጭ ባለ ቁጥር ግን የመዳፉ ጠባሳ ይቆጠቁጠዋል፤ አንገቱን ደፍቶ ቀጣዩን ስንጣሪ ያነሣል። ሥራው ሲያልቅ የስብራቱ መሥመር በዓይን አይለይም ነበር።

ጡሩምባ ሊወስደው በመጣ ዕለት መነጽር ሠሪው የገዛ አውሮፕላኑንና የገዛ ሬዲዮውን ከፍቶ ከሁለቱም ክሪስታሎቹን ነቀለና በአማቹ መዳፍ ላይ አኖራቸው።

«ምንድን ናቸው?»

«መሥመሬ ነው። እኔ ሌላ ቁጥር ይዣለሁ። እነዚህ አንተ ዘንድ ይቀመጡ፤ እኔ ዘንድ እያሉ ራሴን አላምነውም።»

ጡሩምባ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የአማቹን ፊት አየና መልሶ ገጠመው። ክሪስታሎቹን ኪሱ ከትቶ ቀዩን አውሮፕላን አቀፈ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጀርባውን እንደ ሰጠም፣ ማንም ከእርሱ ሰምቶት በማያውቅ ዝቅተኛ ድምፅ፣

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ፣ ነጯ ስትወድቅ…» አለ።

ያን ቃል ለመስማት መነጽር ሠሪው ዓመት ሙሉ ጥርሱን ሲያፋጭ ኖሯል። አሁን ግን፣ ቢሰማው እርሱም በምላሹ የሚናዘዘው ነገር ነበረበት።

«ቀስ በል» አለው። «ክንፉን በሩ እንዳይመታብህ።»

ጡሩምባም ጎንበስ ብሎ፣ ክንፉን አጋድሞ፣ በጥንቃቄ ወጣ። መነጽር ሠሪው መጋረጃውን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው አሰረና ያንዲት አሮጊት መነጽር መስታወት አንሥቶ መሞረድ ጀመረ።