አንድ ዓመት ያልተነካ ዕቃ

ረቡዕ ከሰዓት ከሥራ ስገባ አማቴ ሳሎን መሃል ቆመው ግድግዳዬን ያያሉ... ሰላምታዬንም አልመለሱልኝም። አንድ ነገር እንዳጠፋሁ ወዲያው ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አስተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ማርቆስ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ሥራው ሮብ ገበያ ከተማ ስለሆነ ቤት የሚገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ቤታችን ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። አንዱ ካልሲዬ ይላል፣ አንዷ ደብተሬ ትላለች፣ ትንሿ አንድ እግር ጫማ አድርጋ ሌላውን እየፈለገች ታለቅሳለች። እኔ እጮሃለሁ። ደክሞኛል በቃ... ተኝቼ ስነሳ እንኳ የማይለቀኝ ድካም።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ ስለ ቤት አያያዝ ስትመክር አየሁ። ቤቷ ልጅ ረግጦት የሚያውቅ አይመስልም፣ እሱን ልተወው። ሁለት ነገር አለች። አንድ ዓመት ያልተነካ ዕቃ ካለ ወይ ለሰው ስጡት፣ ወይ ለሌላ ሥራ አውሉት። ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከረጢት ሰፍታችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ፣ በር አጠገብ ስቀሉለት። ማታ ይከታል፣ ጠዋት ያወጣል፣ አለቀ።

ቅዳሜ ተነሳሁ። ባለቤቴን ያን ሳምንት ሥራ ይዞት አልመጣም። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ደምበጫ ሄደዋል። ቁምሳጥኑን ስበረብር አናቱ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ አቡጀዲ አገኘሁ። አዲስ፣ ነጭ፣ ረጅም። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደተቀመጠ አላውቅም፣ ብቻ ዓመት አልፎታል። ለመጋረጃ ገዝተን የረሳነው መሰለኝ።

ጎረቤቴ የስፌት መኪና አላትና ይዤላት ሄድኩ። «ይሄን የመሰለ ጨርቅ ለጫማ?» አለችኝ። መቀሱን ከእጇ ወሰድኩና ራሴ ቀደድኩት። ስድስት ከረጢት ወጣው፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት። በማርከር ስማቸውን ጻፍኩ፣ ከሥሩ «ጫማ» እና «ደብተርና ካልሲ» ብዬ ሰቀልኩ። ሰኞ ጠዋት ሳልጮህ ከቤት ወጣሁ። ማክሰኞም እንደዚያው። ልቤ አብጦ ለጓደኞቼ ፎቶ ሁሉ ላክሁ።

እንግዲህ ረቡዕ እማማ ተመልሰው የቆሙት እነዚያ ከረጢቶች ፊት ነው።

«ይሄን ጨርቅ ከየት አገኘሽው?»

«ቁምሳጥኑ አናት ላይ... ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።»

«ዝም ብሎ?»

«አዎ እማማ፣ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ነው።»

«ኧረግ! እንዳይነካ አይደል ያስቀመጥሁት? መገነዣዬ ነው እኮ!»

ክው አልኩ። ለካ የዛሬ ሁለት ዓመት ከዲማ ወደ እኛ ሲመጡ፣ የሞቱ ቀን ሰው እንዳይቸገር ብለው ራሳቸው አዘጋጅተው ያመጡት ነው። የሚገነዙበት ጨርቅ። እኔ «ጫማ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

«ጫማ ነው የከተትሽበት?» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ተነሽ» አሉኝና ክፍላቸው ገቡ። እራት አልበሉም። ስለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ነገ ደምበጫ እመለሳለሁ። ቤት ማጣበቤን አላወቅሁም ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ጋ ደውዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ «ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ተቆጣ። ትንሿን ማን ይይዝልኛል የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ እኒህ ሴት እንደ አሮጌ ዕቃ ያስወጣኋቸው መስሏቸው ሊሄዱ ነው። ይሄን ምን ብዬ እችለዋለሁ?

ሐሙስ ጠዋት ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው በር አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ልጆቹን ሸኝቼ በባጃጅ መናኸሪያ ላደርሳቸው ነው። ልጆቹ ተነሱ፣ ከየከረጢታቸው ጫማቸውን አወጡ፣ ደብተራቸውን ያዙ። ትንሿም የራሷን ይዛ አያቷ ጋ ሄደች። «እማማ፣ እሰሪልኝ።»

ማሰሪያውን እያሰሩላት ቀና ብለው አዩኝ።

«አልጋ ሥር የቀረ የለም?»

«የለም።»

«ሁሉም ተገኘ?»

«ተገኘ እማማ።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እኔ ቁርስ ሳቀራርብ፣ ስጮህ፣ ስራገም፣ በየጠዋቱ አልጋ ሥር ተንበርክከው ጫማ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን ደከመኝ ብለው አያውቁም። ደከመኝ የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፈርኩ።

እማማ ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ነጠላውን ፈቱና የጸሎት መጽሐፋቸውንና መነጽራቸውን አወጡ።

«ከጨርቁ የተረፈ የለም?»

«ትንሽ አለ።»

«እንግዲያ ለእኔም አንድ ስፊልኝ። መነጽሬን ስፈልግ ነው የምውለው። ጎንበስ እንዳልል ዝቅ አድርገሽ እንዳትሰቅይው።»

እንባዬ መጣ። «እማማ፣ የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከዚያ የበለጠ አቡጀዲ እገዛልዎታለሁ። በልጆቼ እምላለሁ!»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምነው ልጄ... ምን አስቸኮለሽ?»

እንደዚህ ደስ እያለኝ ለሌላ ጊዜ ያስተላለፍኩት ግዢ የለም።