የወንድሜ እግር ብረት

የያዙን በአርሲ በኩል፣ በወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ የአንድ ትልቅ ሹም አሽከር ነበር። ጌታው ተሽረው ሲሸሹ ከእሳቸው ጋር ይላላካል ተብሎ ተጠረጠረ። እኔ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት መጥቼ እዚያው ተገኘሁ። ሌላ ምክንያት የነገረኝ የለም።

ቀጥቃጭ ጠርተው አቆራኙን፤ የእኔን ግራ እግር ከወንድሜ ቀኝ እግር ጋር። ብረቱ ቁልፍ የለውም። በመዶሻ ይገጠማል፣ በመዶሻ ይፈታል። ለመፍታት ግን ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መምጣት አለበት። እንደተቆራኘን አዋሽን በመልካው፣ ውሃው እስከ ደረታችን እየደረሰ አሻገሩንና አዳማ አገቡን።

ከባቡር ጣቢያው በታች የቆዳ መጋዘን ነበር፤ አንዷ ክፍል ውስጥ ዘጉብን። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። ቆዳው ወጥቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ወለሉ ላይ የቀረውን ጨው ነው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው በእጅ አይነካም ነበር።

ከእኛ ጋር አንድ የወሎ ነጋዴ ታስረው ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂ እንላቸዋለን።

እየዋለ ሲያድር የወንድሜ እግር አበጠ። ቀለበቱ አልሰፋም። ሥጋው ውስጥ ገባ። ዘበኛውን ለመንኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። «ኦብሲ፣ ታገሥ» አለኝ። «ያለ ትእዛዝ ብረት ከፈታሁ ያንን ብረት እኔ አጠልቀዋለሁ።»

አንድ ቀን ጠዋት ወንድሜ እግሩን ሲያይ ቆይቶ፣

«አንተ ተማሪ፣» አለኝ፣ «አዋሽ ውስጥ ይህ ብረት ቀሎኝ ነበር። ደረቅ መሬት ስረግጥ መልሶ ከበደኝ። ብረቱ ያው ነው። ምን ሆኖ ነው?»

«ውሃው ወደ ላይ እየገፋው ነው። ብረቱ ሲገባ ቦታ የሚለቅለት ውሃ አለ። የዚያን ውሃ ክብደት ያህል ይደገፋል።»

«ከተደገፈ ለምን አይንሳፈፍም?»

«ብረቱ ከዚያ ውሃ ስለሚከብድ። ይቀልላል እንጂ አይንሳፈፍም። እንጨት ቢሆን ይንሳፈፍ ነበር።»

«እንግዲያው በእንጨት ይሰሩን በላቸው» አሉ ሐጂ ከጥግ።

ሳቅን። ወንድሜ ሲስቅ እግሩ ተነቃነቀና ጥርሱን ነከሰ።

ያኔ ነው ያሰብኩት። እንዴት ቀደም ብሎ እንዳልመጣልኝ... እንጃ።

«ወንድም ጋሼ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ብትበሳውና ውሃ ብትሞላው፣ ርቆ የሚፈናጠረው የቱ ነው?»

«የታችኛው ነዋ! ይህን ለማወቅ ነው አዲስ አበባ የሰነበትከው?»

«የተማርኩት ለምን እንደሆነ ነው። የታችኛውን ከበላዩ ያለው ውሃ ሁሉ ይጫነዋል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። እግርህም እንደዚያው ነው። እብጠቱ ውስጥ ያለው ውሃ ክብደት አለው፣ ምድር ወደ ታች ትስበዋለች፣ ከታች ተጠራቅሞ ይገፋል። እግርህን ከልብህ በላይ ብናደርገው ግን በዚያው ክብደቱ ይመለሳል። እብጠቱ ከጎደለ ብረቱ ይላላል።»

ወንድሜ ወደ ሐጂ ተመለከተ። ክፍሉ ጠባብ ነበር። እግሩን ቢሰቅል ውስጥ እግሩ የሚዞረው ወደ ሐጂ ፊት ነው።

«በሽማግሌ ፊት እግሬን አልሰቅልም» አለ።

ሐጂ ተነሡ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከግመል ኋላ ስሄድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንተ እግር ከግመል ይከፋል?» ብለው ፊቱ ተቀመጡና ያበጠውን እግር አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። የእኔም እግር አብሮ ተሰቀለ፤ ሰንሰለቱ አጭር ነው። እኛ ወንድማማቾቹ ወለሉ ላይ ተንጋለልን፣ እሳቸው እንደ ምሰሶ ተቀመጡ። ላባቸው በጺማቸው ይወርድ ነበር። ውረዱ አላሉንም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጣቴን በብረቱና በሥጋው መካከል ሞከርኩ። ጫፉ ገባ። እንደገና ሞከርኩ። ገባ።

«ገባ!» አልኩ። «ጋሼ፣ ጣቴ ገባ! እንዲህ ከሰነበትን እግርህ ይተርፋል።»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ደም ሲሄድበት ይሰማኛል» አለ። ከታሰርን እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁበትም።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። የአዳማው ሹም እስረኛ ሊያይ መጥቷል፤ ሁሉ ወጥቶ ይሰለፍ ተባለ። ዘበኛው እግሩን አየና፣ «ይህ ይተኛ። ታሟል ብዬ እናገራለሁ» አለ።

«እወጣለሁ» አለ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ተው። ከቆምክ ውሃው ይመለሳል። የነገርኩህን...»

«ሰምቼሃለሁ።» በእጁ መሬቱን ደግፎ ይነሣ ጀመር። «እኔ ጌቶች ቤት ያደግሁ ነኝ። ሹም ሲመጣ ተንጋልሎ የሚቆይ ወይ ጥፋተኛ ነው፣ ወይ ባለጌ። እኔ አንዱም አይደለሁም። ይህንን እግር ቆሜበት ይየው።»

እሱ ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። ሌላ ማድረግ አልችልም ነበር።

ሹሙ ግራር ሥር ወንበር ተደርጎለት ተቀመጠ። መጀመሪያ የወሰን ክርክር ሰማ። ከዚያ ስለ ጠፋች በቅሎ ሰማ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመናል። አቧራ የያዘው ንፋስ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወንድሜ ነጠላውን አደግድጎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሞ ነበር። እኔ የማየው ወደ ታች ነው። ቀለበቱ ቀስ በቀስ ሲሰምጥ አየሁት። ጣቴ የገባበት ቦታ ተዘጋ። ከዚያ ጠርዙም አልታይ አለ።

ሹሙ ተነሥቶ በፊታችን አለፈ። ወደ እኛ ዞር አላለም።

ማታውኑ ትኩሳት ያዘው። እግሩ ጠቆረ። ሐጂ በየቀኑ ትከሻቸውን ሰጡ፣ ግን ከዚያ ወዲያ እብጠቱ አልጎደለም። ወንድሜ ክረምት ሳይገባ በአንድ ጠዋት ሞተ። እኔ አብሬው ታስሬ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ቀጥቃጩ መጣና ሰንሰለቱን ከመሃል ቆረጠው።

«ቀለበቱንም አውጣለት» አልኩት።

«የታዘዝኩት እንድለያችሁ ነው፣ ወንድሜ። ስለ ቀለበቱ የነገረኝ የለም።» ፊቴን አላየም።

የነጠላዬን ጫፍ ቀደድኩ። በብረቱና በሥጋው መካከል ጨርቅ የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። ከላይ ጠመጠምኩት፤ ብረቱ እስኪሸፈን፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ እስኪሆን ድረስ። የተቆረጠውንም ሰንሰለት አብሬ ጠቀለልኩ። ሊያነሡት ሲመጡ አብረው የመጡት ቄስ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቁስል ነው፣ አባ» አልኩ።

እኔን በኋላ ፈቱኝ። ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ስራመድ የግራ እግሬን እርምጃ አሳጥራለሁ። እናቴ ጉዳት አለበት ብላ እግሬን ገልጣ አይታዋለች። ምንም የለበትም። ወንድሜ ማነከስ ሲጀምር እርምጃዬን ለእሱ አሳጥሬ ነበር። አሁንም መንገድ ላይ፣ ሳላስበው፣ እስኪደርስብኝ እጠብቀዋለሁ።