የነጃት የኋላ ጥርስ

ባለፈው ዓርብ እህቴ ነጃት ልትጠይቀኝ መጣች። እንደ ልማዷ የገብስና የሽምብራ ቆሎ በፌስታል ይዛ ነበር፤ ከፊቴ ተቀምጣ ትቆረጥመው ጀመር። ለእኔ ያመጣችልኝ በሶ ነው። ቆሎ የምቆረጥምበት ጥርስ ካጣሁ ሰነባብቻለሁ። ሽምብራው በመንጋጋዋ መካከል ቀጭ፣ ቀጭ ሲል፣ ሰው ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩት። ለዚያ ድምፅ ሰበቡ እኔ ነኝ። ጉራ የመሰለው ሰው ካለ መጀመሪያ ይስማኝና ከዚያ ይፍረድ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አባቴ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ቅመም የሚሸጥባት ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረችው። ዕቃው የሚጠቀለለው በኪሎ በሚገዛ አሮጌ ጋዜጣና በተበጣጠሰ መጽሐፍ ነው። ማንበብ የተማርኩት ከዚያ መጠቅለያ ላይ ነው። ፊደሉን አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን አሳየኝ፤ የቀረውን ራሴ ተወጣሁት። ሚጥሚጣ ልጠቀልል ወረቀት እቀድና ስለ ጨረቃ ሳነብ ገዢው ቆሞ ይጠብቀኛል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ አስተማሪው አንድ ገጽ አስነብቦኝ፣ «አንተማ እኔን አግዘኝ እንጂ!» አለኝ። ይህን የማነሳው ለመመካት ብቻ አይደለም፤ ለታሪኩም ያስፈልጋል።

እናታችን ስትሞት እኔ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ነጃት ስድስት ዓመታችን ነበር። ሲመሽ እናቷን እየጠራች አልተኛም ትላለች። ጊዜው ስኳር በቀበሌ፣ በካርድ የሚታደልበት ነው። የራሴን ድርሻ ለእሷ ተውኩላት። ከወረቀት እንደ ቀንድ የሾለ ትንሽ ጥቅል እሠራና አንድ ማንኪያ ስኳር እጨምርበታለሁ። ጋቢዋ ውስጥ ሆና ጣቷን እየነከረች ትልሳለች፤ ጣቷ አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳታል። እንዲህ እያልን ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። ጎረቤቱ «እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል!» ይለኛል። እኔም ከእነሱ ጋር እስማማ ነበር።

ክረምት ገብቶ፣ ዳገቱ ጎርፍ በጎርፍ ሆኖ ሰው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ወደ ሱቃችን በሚመጣበት ሰሞን፣ ነጃት ጉንጯን ይዛ መጮህ ጀመረች። ቅርንፉድ አስነከስናት፤ ለአንድ ቀን ሻል አላትና መልሶ ባሰባት። አክስታችን ሐሊማ በመስኮቱ ብርሃን አፏን ከፍታ አየችና ፈረደች።

«ይቺኛዋ ጠቁራለች፣ ከኋላዋ ያለችውንም ጀምሯታል። ቅዳሜ ጥርስ ነቃዩ ይመጣል፤ ሁለቱንም አንድ ጊዜ አልቅሳ ትገላገል።»

«ሁለቱንም?» አለ አባቴ።

«የልጅ ጥርስ አይደል እንዴ? መልሶ ይበቅላል!»

ነቃዩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጉጠቱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚዞር፣ እጁ ፈጣን ሰው ነው። አባቴም «ይሁን» አለ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ የነጃትን ስኳር ልጠቀልል ወረቀት ቀደድኩ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ፊደሉ ላይ ወደቀ። ስለ ልጆች ጥርስ ነው የሚያወራው። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን መደጋገሙ ነው ይላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እንቅልፍ ላይ ምራቅ ሲቀንስ አፍ ውስጥ የሚያድረው ነው። ወረድ ብሎ ሌላ ነገር አለ፤ በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ የሚወጣው መንጋጋ ምንም ሳይወልቅ ስለሚበቅል ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን አንዴ ከተነቀለ ምትክ የለውም።

ስኳሩ በአንድ እጄ፣ ወረቀቱ በሌላው ነበር። የነጃት ጥርስ በወለቀ ቁጥር በሱቁ በር ጀርባ በከሰል እጭር ነበርና ሄጄ አየሁ። የወለቁት አራት ናቸው፤ አራቱም የፊት። ከኋላ ምንም አልወለቀም፤ እንግዲህ አክስቴ የፈረደችባት የመጨረሻዋ ጥርስ ወረቀቱ የሚላት፣ ሳይወልቅ የበቀለችው አዲሷ ነበረች። በማንኪያ እየሰፈርኩ ያስበላኋት ደግሞ እኔው።

ወረቀቱን ለአባቴ አነበብኩለት። አክስቴ ሳቀች። «ይኸው ከሚጥሚጣ ወረቀት ሐኪም ወጣ!»

«እንግዲያው ሐኪም ይጠየቅ። ተሳስቼ ከሆነ ጭንቅላቷን የምይዝላችሁ እኔ ነኝ» አልኳት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለህ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ነጃትን አዝዬ በጭቃው ወደ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ነርሷ በባትሪ አየቻት። «የጠቆረችው የወተት ናት፤ ሆስፒታል እልካችኋለሁ፣ እዚያ ትታከማለች። ይቺን የኋላዋን ግን ማነው ንቀሉ ያላችሁ? ገና ነጭ ነጠብጣብ ነው፤ አልተቦረቦረችም። ማታ የሚላሰው ስኳር ከቆመና በደንብ ከጸዳች ትጠነክራለች። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ካገኛችሁም የምስር ፍሬ ታህል ይበቃታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ስኳሩን የሚሰጣት ማነው?» አለች። «እኔ» አልኳት፣ መሬት መሬት እያየሁ።

የጠቆረችዋ ሆስፒታል ታከመች። ነቃዩ ቅዳሜ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የከበደኝ እሱ አልነበረም።

«ወንድም ጋሼ፣ ስኳሬስ?»

«ከእንግዲህ የለም፣ ነጁዬ።»

«እማዬ ብትኖር ትሰጠኝ ነበር።»

የስኳሩን ጣሳ አንስቼ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ጥርሷን ላጸዳላት ስል ከንፈሯን ትገጥማለች። ጥርሷ ተርፋ እኔ ከልቧ ልወልቅ ነው ብዬ ፈራሁ። በአራተኛው ቀን ሻይ ስጠጣ መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«አንተስ ለምን ስኳር ትጠጣለህ?»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። «በቃ፣ እኔም ተውኩ።»

«እስከ መቼ?»

«ያቺ ጥርስሽ እስካለች ድረስ።»

ሌላ ሻይ፣ ያለ ስኳር አስቀዳሁ። ነጃት እንደ ተቆጣጣሪ ቀመሰችው፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ብርጭቆውን መለሰችልኝና አፏን ከፈተች።

ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ሲመሽ ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ከቁስቋም በላይ ካለው ጋራ ያመጣሁትን የወይራ መፋቂያ ጫፉን አኝኬ አለሰልስና፣ መርካቶ ዞሬ ያገኘሁትን ሳሙና ቀብቼ የኋላዋን ጥርስ ላይዋንም ጎኗንም እፍቃለሁ። ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም የለም። በስኳሩ ፈንታ መጠቅለያውን አነብላት ጀመር። ጣቷን አሁን ፊደሉ ላይ ነበር የምታስኬደው፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ማንበብ ትችል ነበር። በዓመቱ ነርሷ ነጠብጣቡን አይታ «ቆሟል» አለች። አክስቴ ሐሊማም የልጅ ልጇን ጥርስ ለእኔ ታሳየኝ ጀመር።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ አልደብቅም። ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን በማወቄ አይደለም። ያጠፋሁትን ባወቅሁ ዕለት እጄን በመሰብሰቤ ነው። ለራሴ ጥርስ ይህን ያህል አልተጋሁም፤ ውጤቱም ይኸው፣ በሶ።

ባለፈው ዓርብም ነጃት ቆሎዋን ጨርሳ ሻይ አቀረበች። ማንኪያውን ከስኳሩ ላይ አንስታ፣ በመጣች ቁጥር የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬስ ላድርግልህ?»

«መጀመሪያ ልያት።»

ልጇን የዳረች ሴትዮ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ አፏን ከፈተች። መነጽሬን አድርጌ አጎነበስኩ። ትንሽ ተሸርፋ፣ ትንሽ ቢጫ ሆና፣ ከቦታዋ አለች።

«አለች» አልኩ።

ማንኪያውን መለሰችው። ሻዩ መራራ ነበር። ጨርሼ አንድ ድገሚኝ አልኳት።