የአዴ ፋጤ ኩል

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ። ባሌ ሳያውቀው ሞተ። ልጆቼ አያውቁትም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንበረከክ ጾም ገደፍኩ ብያለሁ፣ ጎረቤት አማሁ ብያለሁ፤ ይህን ግን ምላሴ ሥር ደብቄ መስቀሉን ተሳልሜ እወጣ ነበር። እንግዲህ የምታነቡኝ ሰዎች ዛሬ እናንተ አናዝዙኝ። ብቻ አትቸኩሉ። እስክጨርስ ድረስ "ይፍታሽ" አትበሉኝ።

እኔ ጎባ ውስጥ በፍርድ የምታወቅ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ፊደል ቆጥሬ ጥቂት ክፍል እንደገፋሁ ቀረሁ። ነገር ግን ጎረቤት በድንበር ሲጣላ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲካሰሱ፣ "እሷ ትምጣ፣ እሷ አታዳላም" ይባላል። ልጅም ሆኜ እንዲሁ ነበርኩ። ዳቦ ሲቆረስ የአንዱ ቁራሽ ከአንዱ ከበለጠ እጮሃለሁ። የውኃ ተራ ሲዘለል የሰው እንስራ ይዤ እጎትታለሁ። ተራ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ያጠፋሁትም ጥፋት ከዚሁ ከተራ ነው የመጣው። እንዴት ይደንቃል!

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ። እኔ ልጃገረድ ነበርኩ። ግድግዳ ለግድግዳ አብራኝ ያደገችው ጓደኛዬ ብርቅነሽ ለዲንሾ ሰው ታጭታ ሠርጓ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ገብስ የሚወቃበት ጊዜ ስለነበረ ነፋሱ የአውድማ አቧራ ያመጣል፤ ዝንቡም ከከብቱ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ሰው ይመላለሳል። ሠርጉ ሲቃረብ ዓይኔን ታመምኩ። ጠዋት ስነቃ ሽፋሽፍቴ ተጣብቆ በሞቀ ውኃ ካልራሰ አይላቀቅም። አባቴ ክሊኒክ ወሰደኝ።

የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና የዓይን ቅባት ሰጠኝ። ተላላፊ ነው አለኝ። ከዓይኔ የሚወጣው ፈሳሽ በእጄ፣ በሻሼ፣ በዝንብ እግር ወደ ሌላ ሰው እንደሚሄድ ነገረኝ። ፊቴን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እንድታጠብ፣ ዓይኔን በነካሁበት እጅ ሳልታጠብ ሰው እንዳልነካ፣ የማብስበትን ጨርቅ ለብቻ እንዳደርግ፣ ቀለል አለኝ ብዬ ቅባቱን እንዳላቋርጥ ነገረኝ። ሠርግ እንዳለብን አባቴ ሲያጫውተው ደግሞ ሳቅ አለና፣ "በሰው መኳያ እንዳትኳዪ! ስትድኚ ትኳያለሽ፤ ኩል የትም አይሄድም" አለኝ።

ሰማሁ። አባቴም ሰማ። አላወቅሁም ልል አልችልም። ድሬሰሩ በአማርኛ ነው የተናገረው፤ እኔም ደህና አድርጌ ነው የሰማሁት።

በዚያን ጊዜ በጎባ ሙሽራ የሚኩሉት አዴ ፋጤ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደ ማለት ነው። እስላም ናቸው፤ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ሙሽራ እሳቸው ይኩላሉ። ኩሉን ራሳቸው ይወቅጡታል፣ በስስ ጨርቅ ይነፉታል፣ በትንሽ ቀንድ አድርገው ገበያ ያወጡታል። መኳያቸው አንዲት የለሰለሰች ቀጭን እንጨት ነበረች። ከእጃቸው ቅለት የተነሣ ዓይን የተነካ አይመስልም ነበር።

እንሶስላ የምንሞቅበት ቀን ደረሰና ልጃገረዶች ሙሽራዋን ይዘን በጓዳ በረድፍ ተቀመጥን። አዴ ፋጤ ከብርቅነሽ ጀመሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እያሉ ወደኔ መጡ። የኔ ዓይን ያን ጊዜ ማዠቱን ቀነስ አድርጎ ነበር፤ ቅላቱ ግን አልለቀቀም። አጠገቤ ያለችው ልጅ ሳቀችብኝና፣ "አዴ፣ ይቺን ይዝለሏት፤ ዓይኗ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል" አለች።

"በርበሬ ይንስነስብሽ! ተራዬ ነው!" አልኳት።

አዴ ፋጤ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይንሽን ያምሻል እንዴ?"

"የማጀት ጭስ ነው አዴ። አሁን ከጓዳ መውጣቴ ነው።"

አትዋሺ አላሉኝም። አመኑኝ። ያቺ ቀዝቃዛ እንጨት በሚያቃጥለው ዓይኔ ውስጥ ሳብ ስትል እፎይ ማለቴን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ለምን አደረግሁት? ሌላ ምክንያት እንዳለው ስፈልግ ኖሬ አጣሁ። ሁሉም ሲኳሉ እኔ ልቀር ነው? ምን አጥፍቼ? በቃ፣ ይኸው ነው። ተራዬ ስለነበረ ነው።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ምናልባት ከኔ በኋላ ያሉት ብቻ ይታመሙ ነበር። ግን የብርቅነሽ እናት ሊመርቁ ገቡ። ገና "ልጄ" ሲሉ ብርቅነሽ እንባዋን ለቀቀችው፤ ኩሉ በጉንጯ ወረደ። "ኧረ ሙሽራዋ ከሰል ሻጭ መሰለች!" ብለው ልጆቹ ተንከተከቱ። አዴ ፋጤም ስቀው ፊቷን ጠረጉላትና እንደገና ሊኩሏት እንጨቷን ቀንዱ ውስጥ ነከሩ። ከኔ ዓይን የወጣችውን እንጨት። ከኔ ጉልበት እስከ ብርቅነሽ ጉልበት ስትሄድ አየኋት። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። "አዴ፣ ተዉ፣ እኔ ታምሜአለሁ" ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው እልልታ ነው። አጨበጨብኩ። እኔ ነኝ ያጨበጨብኩት።

አሁን በሸመገልኩበት ጊዜ ይህን ሳስብ በጥፋቴ ከማፈሬ እኩል በነገሩ እደነግጣለሁ፣ እገረማለሁም። እግር የሌለው፣ ክንፍ የሌለው፣ ዓይን የማያየው ነገር፣ ዓይንን ራሱን የሚያጠፋ! በለሰለሰች እንጨት ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በኩሉ ጥቁረት ተሸፍኖ፣ ከአንዷ ወደ አንዷ እንደ እንግዳ ሲዘዋወር። የሀብታም ልጅ፣ የድኻ ልጅ፣ ሙሽራ፣ ሚዜ አላለም። እኔ በፍርድ እኮራለሁ፤ እንደሱ ግን ሳያዳላ ለሁሉም ያካፈለ አላየሁም። ከሱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ይህን ሁሉ ኃይል የሚያቆመው አንድ ጣሳ ውኃና አንድ ቁራጭ ሳሙና መሆኑ ነው። ለየብቻ የሆነ አንድ ጨርቅ ነው። አንድ እውነተኛ ቃል ነው። እግዚአብሔር መዳኛውን እንዲህ አቅርቦ አስቀምጦት ሳለ እኔ አለፍኩት።

በሠርጉ ማግስት ብርቅነሽ ዓይኗ ተጣብቆ ነቃች። ከልቅሶ ብዛት ነው ተባለ። ዲንሾ በባሏ ቤት ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች። ጎባ የቀረነውም ልጆች አንድ በአንድ ወደቅን፤ ወደቅን ስል እኔን ሳልጨምር ነው። እኔ ያን ጊዜ ድኜ ነበር። ቅባቱም በእጄ ነበር፤ ግማሹ ገና አላለቀም። ይዤው ዲንሾ መሮጥ እችል ነበር። ነገር ግን "ከየት አመጣሽው? መቼ ታመምሽ?" መባሉን ፈርቼ በሣጥኔ ውስጥ ከልብሴ ሥር ቀበርኩት። የብርቅነሽ አማት የቅጠል ጭማቂ አንጠባጠቡባት። ክሊኒክ ስትደርስ ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ወጥቶ ነበር። ያ ነጭ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ዓይኗ አታይም።

ጥፋተኛ ደግሞ ወዲያው ተገኘ።

በገበያ ቀን የልጆቹ እናቶች አዴ ፋጤን ከበቧቸው። እኔ ከእናቴ ጋር ቆሜአለሁ። "ኩሏ ላይ አስደግማበታለች!" አለች አንዷ። "የሙሽራ ዓይን በላች!" አለች ሌላዋ። ምንጣፋቸውን ገለበጡት፤ ያ በጨርቅ የተነፋ ኩል ከአቧራው ተቀላቀለ። አዴ ፋጤ አላለቀሱም። ቀና ብለው፣ "ወላሂ ኩሌ ንጹሕ ነው። ታማ ሳለ ደብቃኝ የተኳለች ካለች እዚሁ ትናገር" አሉ።

ጸጥ አለ። ለኔ የተተወ ጸጥታ ነበር። የዳቦ ቁራሽ በለጠ ብዬ ሠፈር የማናውጥ እኔ፣ ያን ቀን የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ከአዴ ፋጤ ኩል የሚገዛ ጠፋ። ሕፃን የታቀፈች ሴት ሲያልፉ የልጇን ፊት ትሸፍን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ወደ ጊኒር ሄዱ።

ካገባሁ በኋላ፣ ጃንሆይ ሳይወርዱ፣ ባሌ ለከብት ንግድ ጊኒር ሲሄድ ተከተልኩት። ገበያ ውስጥ ቅቤ የሚሸጡ አሮጊት አየሁ። እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቅቤ የምገዛ መስዬ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን አገጬን ያዙና እንደዚያን ቀን ወደ ብርሃን አዞሩኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዓይንሽ ደህና ነው" አሉ።

"አዴ፣ ያውቁ ኖሯል?"

"የሌሎቹ ዓይን ገና ሲያብጥ ያንቺ ድኖ ነበር። መጀመሪያ የዳነች መጀመሪያ የታመመች አይደለችም? ይህ ምን ዕውቀት ይፈልጋል?"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩብኝም?"

"አንቺን ስጠብቅ ነዋ! ለተራ ስትጣዪ አውቅሽ የለ። ይቺ ልጅ ፍርድ ታውቃለች፣ ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች እያልኩ ቆየሁ።" ቅቤያቸውን በቅጠል ሸፈን አደረጉት። "አሁንም አልመሸም። ይቅርታሽን ለራስሽ ያዢው፤ ስሜን ጎባ ላይ መልሺልኝ።"

"እሺ" አልኩ። እጃቸውን ስሜ "እሺ" አልኩ።

ስማቸውን ግን አልመለስኩም። ዘንድሮ፣ ከርሞ ስል፣ ማረፋቸውን ሰማሁ። አንዲት የገበያ ሴት የተሰደበችበትን፣ የተባረረችበትን ዓመት ሁሉ የአንዲት ልጅ ሕሊና ይነቃ ይሆናል ብላ መጠበቋ! ያንን ትዕግሥት ሳስብ ጸሎት ቤት የገባሁ ያህል ድምፄ ይጠፋል። ያንን የሚያህል ሰው ነው እኔ ያዋረድኩት።

እኔስ ምን አደረግሁ? ቤቴን በሳሙና ሞላሁት። ለእያንዳንዱ የልጅ ልጄ የራሱ ፎጣ አለው፤ የሌላውን የነካ ወዮለት። ዝንብ ዓይኑ ላይ ያረፈበት የጎረቤት ልጅ ካየሁ ጎትቼ አጥበዋለሁ። የታመመ ዓይን ያየሁ እንደሆነ ወደ ጤና ጣቢያ እነዳለሁ። "የፎጣ ዘበኛ" ይሉኛል፤ ይሳቁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ይህ ሁሉ እጥበት ከዚያች አንድ ቃል ለመሸሽ ነበር።

ዘንድሮ ጉልበቴ ሲደክም ሮቤ ሄድኩ፤ ብርቅነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው እዚያ ነው። ምስር ስትለቅም አገኘኋት፤ በቀኝ ዓይኗ ሰፌዱን ልትነካው ደርሳ። ቁጭ ብዬ ከድሬሰሩ እስከ ጊኒር ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ምስሩን መልቀሙን አላቆመም። ስጨርስ ነው የቆመው።

"ዘነቡ" አለችኝ፣ "ዓይኔስ ይሁን፤ በሽታ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ግን ልጆቼን ሁሉ ያቺን ሴትዮ እየረገምኩ ነው ያሳደግኋቸው። ቅድም ጠዋት እንኳ ዓይኔ ሲያሳክከኝ ረግሜአታለሁ። ምንም ያላደረገችኝን ሴት! በሙት ላይ ይህን ሁሉ እርግማን ያስጫንሽኝ አንቺ ነሽ። ስለሱ ከማን ልታረቅ?"



"ሂጂ ለዛሬ" አለች። "ሂጂልኝ።"

ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ልካ አላስጠራችኝም፤ እኔም ደጇን አልረገጥኩም። እንዲህ መሆኑ ልክ ነው። ይቅር በይኝ ብዬ አልለምናትም፤ እናንተንም አልለምንም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ጊኒር ላይ "እሺ" ስል ልጅ አልነበርኩም። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የጎባ፣ የሮቤ፣ የዲንሾ ሰዎች፣ በእናታችሁ ወይም በአያታችሁ አፍ የሙሽራ ዓይን ያጠፋች ኩል ሻጭ ነበረች ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሐሰት ነው በሉ። የአዴ ፋጤ ኩል ንጹሕ ነበር። የታመምኩት እኔ ነበርኩ፤ እያወቅሁ ነው የተኳልኩት፤ እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።